ዳማ በውርጭ አልነሳ ያለችበት ኅዳር

ኅዳር 16፣ ንጋት 12፡40

አምስት ሙከራ። በአራተኛው ተነሳች፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ ጠፋች። በአምስተኛው ጸናች። ጭስ፦ ጥቁር። ውርጭ የለም፤ ብርድ አለ። የሙቀት መርፌዋ ከታች ተጋድማለች።

ስማ አንተ ደብተር። ይመር እባላለሁ። ማንበብ አልችልም፣ መጻፍም አልችልም። አርባ ዓመት መኪና ስነዳ ዳገቱ ፊደል ቁጠር ብሎኝ አያውቅም። የምትጽፍብህ ልጄ መዲና ናት፤ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኔ ቤት መጥታለች። በኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ ወላጆች ቤት ነው። ባሏ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ነው። ታኅሣሥ ሲያልቅ ትወልጃለሽ ብለዋታል።

አንተን የገዛሁህ ከማል አዞኝ ነው። ከማል ደሴ ጋራዥ አለው። ድሮ የኔ ረዳት ነበር፤ ጎማ ሲፈታ ጣቱን የሚቀጠቅጥ። ዛሬ በስልክ እሱ ያዘኛል። በየጠዋቱ ሰዓቱን፣ ውርጩን፣ ስንት ጊዜ ቁልፍ እንዳዞርኩ፣ የጭሱን ቀለም፣ የመርፌዋን ነገር አስጽፍ አለ። በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ አልኩት። "ጋሼ፣ ጭንቅላትዎ ለመኪናዋ ያዳላል" አለኝ። ባለጌ። ደብተሩን ግን ገዛሁ።

መኪናዋ ዳማ ትባላለች። ባለ ሸራ፣ ቤንዚን ጠጪ፣ ከመዲና በዕድሜ የምትበልጥ። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ነው። ከዚህ ከኛ አፋፍ መካነ ሰላም ሆስፒታል ሃያ ሁለት ኪ.ሜ.። በገበያ ቀን አንዲት የጭነት መኪና ታልፋለች። በሌላው ቀን ያለችው ዳማ ናት።

ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር እንድትነሳ።

ኅዳር 17፣ ንጋት 12፡30

ውርጭ። ሣሩ ነጭ፣ የበጎቹ ውኃ ገንዳ ላይ የበረዶ ቆዳ አለ።

ገና ተኝቼ አፍንጫዬ ነገረኝ። ሱብሒ ሰገድኩ፣ ወዲያው ወደ መኪናዋ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ተመልሼ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ አልኩ። ቁልፉን ለማዞር ፈራሁ ብለሽ ጻፊ። አይ፣ ሰርዢው። (የሰረዘችው አልመሰለኝም፤ እጇ አልተንቀሳቀሰም።)

ሰባት ሙከራ። ጥቁር ጭስ፣ ዓይን የሚያቃጥል። እስከ አጥሩ በር ሄደች፣ እዚያ ሞተችብኝ። እንደገና አራት።

ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው። በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ ይቀላቀልበታል። ሙሄ የሚባል ሻጭ አለ፤ ከሱ ነው የምገዛው። ነገ ገበያ ነው። አሳየዋለሁ።

ኅዳር 19፣ ጠዋት 1፡10

ትናንት ሙሄን በሰው ፊት ሰደብኩት። ከሌላ ሰው ገዛሁ። የቤንዚን ቋቷን ባዶ አደረግሁ፣ አጠብኩ፣ አዲሱን በነጠላ አጥልዬ ሞላሁ። ዛሬ ጠዋት ሰባት ሙከራ። ጭሱ ያው ጥቁር። መርፌዋ ያው ተጋዳሚ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ መንደር ደርሷል። ሙሄ ጀሪካን የጫነ አህያ እየነዳ በደጄ ሲያልፍ፣ "አባ ይመር፣ ዳማ የሌላ ሰው ቤንዚን ጠጥታም ታስላለች አሉ። እንግዲህ ሐኪም ያሳዩአት እንጂ ቤንዚን ሻጩ ምን አደረገዎት" አለ። አብረውት የነበሩት ሳቁ።

ካንዴላዎቹን፣ ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሱትን፣ ፈታሁ። ስድስቱም ጥቁር ናቸው፣ እርጥብ፣ የምጣድ ቂጥ ይመስላሉ። ቤንዚኑ ገብቶ ሳይነድ ይቀራል ማለት ነው። ለምን ሳይነድ ይቀራል? አላውቅም። አላውቅም የምትለዋን ጻፊያት፤ ብዙ ጊዜ አልላትም።

በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ መለስኳቸው።

ኅዳር 20፣ ንጋት 12፡40

ሁለት ሙከራ። አልሐምዱሊላህ። የካንዴላ ነገር ኖሯል። በቃ ደብተር፣ ተሰናበትኩህ።

ኅዳር 21፣ ንጋት 12፡40

ውርጭ። ስምንት ሙከራ። አልተሰናበትኩህም።

ኅዳር 22፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

ዛሬ የሚጽፉት መ/ጌታ ጥበቡ ናቸው። ጎረቤቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፤ ዒድ እኔ ቤት፣ ፋሲካ እሳቸው ቤት ነው የምንውለው። መዲናና እናቷ ለምርመራ መካነ ሰላም ወርደዋል። ለእህል ጭነት የመጣች መኪና አግኝተው ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ሄዱ። ዳማ ካንዴላዋ ተፈትቷል ብዬ ለመዲና ዋሸሁ። ካንዴላዎቹ ተገጥመዋል። ዳገቱ መሃል ላይ ብትሞትብኝስ ብዬ ነው።

መ/ጌታን በግዕዝ ይጻፉልኝ አልኳቸው፤ ልጅቷ እንዳታነበው። "ካንዴላ በግዕዝ ምን እንደሚባል ይንገሩኝና እጽፋለሁ" አሉኝ። ስለዚህ በአማርኛ ነው።

ያለፈው ዓመት በዚሁ ወር ነው። እንድሪስ የሚባል ጎረቤት አለን፤ ሚስቱን ዘይነብን ምጥ ያዛት። ንጋት ላይ ጠሩኝ። ውርጭ ነበር። ቁልፍ አዞርኩ፤ ዳማ ታጓራለች፣ አትነሳም። አዞርኩ። ባትሪዋ እስኪደክም አዞርኩ። ዘይነብን እኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል፤ አንገቷን ወደኔ ዘንበል አድርጋ በመስተዋቱ ታየኛለች። ወንዶቹ መጨረሻ ላይ አወጧት፣ ቃሬዛ ሠርተው ተሸክመው ወረዱ። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ቤንዚኑ ነው አልኩ። ለእንድሪስም፣ ሊያጽናና ለመጣውም ሰው ሁሉ፣ ቤንዚኑ ነው አልኩ። መዲና ያኔ እሥራ ቦታዋ ነበረች፤ ይህን አታውቅም።

አሁን በየጠዋቱ ቁልፍ ሳዞር ወደ መስተዋቱ አላይም። ወንበሩ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። አላይም።

መ/ጌታ ለልጅቷ ይንገሯት አሉኝ። ትፈራለች አልኳቸው። "የፈራውስ ሌላ ሰው ነው፣ ይመር" አሉ። ቅዳሴ ደርሶባቸው ይሁን ተቀይመውኝ፣ ዛሬ ጠላውን እንኳ አልጠየቁኝም። (ጠላ እንደሌለኝ ያውቃሉ። በየጊዜው ይጠይቁኛል፣ ለቀልድ።)

ኅዳር 23፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ስድስት ሙከራ። ቀላል ውርጭ።

መዲና የትናንቱን አንብባዋለች። ብዕሩን አጥብቃ ይዛለች፤ ወረቀቱ ሲጮህ እሰማለሁ።

የምርመራው ነገር። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። እግሯ ማበጡን እኔም አይቻለሁ፤ የእናቷን ሰፊ ጫማ ነው የምታደርገው። ነርሷ ያለቻት፦ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ያኔውኑ መምጣት ነው፤ ያኔውኑ ማለት ያኔውኑ። ሆስፒታሉ አጠገብ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የሚቆዩበት ቤት አለ፣ እዚያ ብትሆኚ ይሻላል ብላታለች።

እኔ ቤት አልጋ አልጠፋም አልኩ። እናቷ የገንፎ እህል አስፈጭታለች፣ ቅቤ አንጥራለች፣ ጓዳውን በአዲስ ጭቃ ለስናለች። ሰው አባቷ እያለ ማደሪያ ፈለገች ይላል። አይሆንም አልኩ።

መዲና ይህንንም ጻፈችው። ፊቷን አላየሁም።

በዚያው ቀን፣ 8 ሰዓት

ስልክ ለማግኘት ጉብታው ላይ ወጣሁ። ለከማል መዲና እያነበበችልኝ ሁሉን ነገርኩት። ስምንት ቀን ሙሉ መርፌዋ ከታች አልተነሳችም? አለ። አልተነሳችም አልኩ። ዘይቷስ? አለ። በዘይት አትማኝ፣ ዳማ ዘይት አትበላም፤ እንዲያውም ስለካት ይጨምራል አልኩ። በዚህ ሁልጊዜ እኮራለሁ። የሌላው ሰው መኪና በየወሩ ዘይት ይጨመርላታል።

"ጋሼ" አለ፣ "ዳማ ላም ናት እንዴ፣ ዘይት የምትታለበው? የመለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱት።"

ወርጄ አሸተትኩ። ቤንዚን። ዘይቱ ቀጥኗል፣ በጣቴ መሃል እንደ ውኃ ይንሸራተታል። ያልነደደው ቤንዚን በፒስተኖቹ ጎን እየወረደ ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ስንት ዓመት የኮራሁበት ነገር በሽታዋ ኖሯል።

ተመልሼ ወጥቼ ደወልኩ። ሞተሩ አይሞቅም አለኝ ከማል፤ ስለማይሞቅ ነው ቤንዚኑ የማይነደው። ለምን እንደማይሞቅ ነገ በእጅዎ ያውቁታል አለ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ቱቦ ከተነሳችበት ደቂቃ ጀምሮ ልይዝ ነው። ጤነኛ ከሆነች ቱቦው ብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ያቃጥላል።

ድምፁ ላይ ቀልድ አልነበረም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ኅዳር 24፣ ጠዋት 1፡30

ሰባት ሙከራ። እጄን ቱቦው ላይ ጫንኩ። ከመጀመሪያው ለብ አለ። ለብ እንዳለ ቀረ። ሩብ ሰዓት። ለብ። ግማሽ ሰዓት። ለብ።

እጄን አላነሳሁም። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። አሁን አላስጽፍም።

በዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት

እሺ፣ ጻፊ።

ሞተር ውስጥ ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ በር አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግቶ ውኃውን ውስጥ ያቆየዋል፤ ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ ይለቀዋል። ዳማ ይህ በር የላትም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ወደ ጎጃም በሚያሻግረው መንገድ ዓባይ በረሃ እወርድ ነበር፣ ሰው ጭኜ። ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። ዳማ ዳገቱ ላይ ትፈላብኛለች፣ ተሳፋሪ ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። በዚያ መስመር የምንነዳ ሁሉ ይህን በር እናወጣው ነበር። የፈረንጅ ብርድ አገር ዕቃ ነው፣ ለኛ ምን ያደርጋል እንል ነበር። እኔም ፈታሁት፣ ገደል ወረወርኩት። ከዚያ ወዲያ አልፈላችም። ስንቱን ሹፌር በመንገድ አስቁሜ፣ ና ላውጣልህ ብዬ አወጣሁለት። ተመሰገንኩበት።

በረሃ መውረድ ከተውኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ውርጭ ያለበት አፋፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ አጭር መንገድ ብቻ እነዳለሁ፣ በሩን አልመለስኩም። ትዝም አላለኝ። የፈረንጅ ብርድ ያልኩት እደጄ ነው የሚያድረው።

መዲና ብዕሩን አቆመች። "አባዬ፣ የዘይነብ ጊዜም ይኸው ነበር?"

አዎ። ጻፊው። ይኸው ነበር።

ኅዳር 25፣ 9 ሰዓት

ከማል ራዲያተሩን በካርቶን ከፊት ይሸፍኑት፣ ለጊዜው ይረዳል አለ። ሸፈንኩ። መርፌዋ አውራ ጣት ያህል ተነሳች። እውነት መሆኑ ተረጋገጠ። በረሃ ከተውኩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። አውድማ ላይ ጤፍ ያበራያል። በሬዎቹን እየነዳ ይዞራል፣ እኔ ዳር ቆሜ ነገርኩት። ቤንዚኑ አልነበረም አልኩት። እኔ ያወጣሁት ዕቃ ነው አልኩት። አልቆመም። ሁለት ዙር ዞረ። በሦስተኛው አጠገቤ ሲደርስ፣ ሳያየኝ፣ "ዘይነብ እንዳትሰማ" አለ። በሬዎቹን መታ አድርጎ አለፈ።

ሲሰድበኝ ልመልስ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። ይዤው ተመለስኩ።

ኅዳር 27፣ 11 ሰዓት

ከከማል ያዘዝኩት በር በአውቶቡስ ከደሴ መካነ ሰላም፣ ከዚያ በሰው አህያ መጣ፤ ከዘይቱ ጋር። ከማል ወረቀት ላይ ጽፎበታል፤ መዲና አነበበችልኝ፦ "ጋሼ፣ ይህን ደግሞ ገደል እንዳይወረውሩት።" ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ዛሬ ነው።

አሮጌውን ዘይት አፈሰስኩ። ዘይት አይባልም። አዲሱን ሞላሁ፣ በሩን ገጠምኩ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ውኃ የሚከለክለውን ማሸጊያ፣ በእጄ ቆርጬ አለበስኩት። አስነሳኋት፣ እጄን ቱቦው ላይ ጫንኩ። ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ። መዲና በስልኳ ደቂቃ ትቆጥራለች። ቀዝቃዛ። ከዚያ አቃጠለኝ። እጄን አልነቀልኩም ትንሽ ጊዜ። መርፌዋ መሃል ላይ ቆማለች። ጭሱ ነጣ፣ ጠፋ። ድምፅዋ እንደ ድሮዋ።

እስከ ወንዙ ወርጄ ወጣሁ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ። አንድም ጊዜ አላስነጠሰችም።

እናቷ በደጅ ቆማ፣ "መኪናህ ዳነች፣ አሁንስ እራት ትበላለህ?" አለችኝ። በላሁ።

ኅዳር 28፣ ንጋት 12፡35

ውርጭ። ስድስት ሙከራ።

አላመንኩም። ቁጭ ብዬ ቆየሁ።

ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ለከማል ደወልኩ። ያሰበውን ነገረኝ፤ አስቀድሞ ሊነግረኝ አልፈለገም። ስንት ዓመት ቤንዚን ያጠበው ፒስተን ቀለበቱ ተበልቷል። በሩ መመለሱ ከእንግዲህ እንዳይበላ ነው እንጂ የተበላውን አይመልስም። ከሞቀች የትም ትደርሳለች። በብርድ ግን አንድ ቀን ትነሳለች፣ አንድ ቀን አትነሳም። ለማሳደስ ሞተሩ ወርዶ ደሴ መሄድ አለበት፤ ከወር በላይ ይፈጃል።

"ስትሞቅ ይመኗት፤ ሳትሞቅ አይመኗት" አለኝ። ረዳቴ ነበር ይህ ሰው። አመሰግናለሁ አልኩት። እሱም የደነገጠ መሰለኝ።

ለመዲና ካርቦራተሩ ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል ብለሽ ጻፊ አልኳት። "ስልኩን ሰምቼዋለሁ፣ አባዬ" አለች። እውነቱን ጻፈች።

ኅዳር 29፣ ንጋት 12፡40

ሦስት ሙከራ። ውርጭ አለ፣ ግን ሦስት። ለምን ትናንት ስድስት፣ ዛሬ ሦስት? ምክንያት የለውም። ይህ ከሁሉ ይከፋል። ሁልጊዜ እምቢ ብትል አውቃት ነበር።

ሌሊቱን መዲና ስትገላበጥ እሰማለሁ። ራስሽን አመመሽ? አልኳት ጠዋት። ደህና ነኝ አለች። ደህና ነኝ ስትል አፏን እንጂ ዓይኗን አላየሁም፤ ዞራ ነበር። ስትጽፍ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አቅርባ ይዛለች። ድሮም እንዲህ ነው የምትይዘው? አላስተዋልኩም። አርባ ዓመት የሞተር ድምፅ ሳዳምጥ የልጄን አያያዝ አላውቅም።

ኅዳር 30፣ ጠዋት 2፡20

ውርጭ። ከባድ። አጥሩ ነጭ።

አሥር ሙከራ። አልተነሳችም። ባትሪዋ እየደከመ ድምፁ ቀጠነ። ያ ድምፅ። ያለፈውን ዓመት ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ከሺህ እለየዋለሁ።

ወርጄ ከእናቷ ምድጃ ፍም በቆርቆሮ ዘግኜ ከዘይቱ ቋት ሥር አኖርኩ። ድሮ በረዶ ባለበት መስመር የሚነዱ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ቁጭ ብዬ እሳቱን ጠበቅሁ፣ ቤንዚን እንዳይነካው። ቁልፍ ማዞር ከጀመርኩ እስክትነሳ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ተነሳች። አንድ ሰዓት ከሩብ። ለምጥ፣ ለደም ግፊት አንድ ሰዓት ከሩብ ማን ይሰጣል?

አሁን እደጅ እየሠራች ነው። ትሰማታለህ፣ ደብተር። መርፌዋ መሃል ደርሳለች። አላጠፋትም።

እናቷን ጠርቼ ልብሷን ሰብስቢ አልኳት። ምን ሆነች? አለች፣ ደነገጠች። ምንም አልሆነችም፣ ስለዚህ ነው አልኳት። ወደ ሆስፒታሉ፣ ነፍሰ ጡሮች የሚቆዩበት ቤት ትገባለች፣ እስክትወልድ። "አባቷ በሕይወት እያለ? ጓዳው ተለስኖ?" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ሰው ምን ይላል? አለችኝ። ይመር መኪናውን ማስነሳት አቃተው ይላል አልኳት። እውነት ነው፣ ይበል። ገንፎውን እዚያ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ቅቤውንም። እኔም እዚያው ከሆስፒታሉ ደጅ አድራለሁ፣ ሰው አይጠፋም።

ዞር አለችና ሻንጣውን አወጣች። እያለቀሰች ይሁን እየሰደበችኝ አላውቅም፤ ሁለቱም ይገባኛል።

መዲና አልተከራከረችኝም። ልትከራከር ይገባ ነበር፤ እኔን ነው የመሰለችው። ስለዚህ ጠየቅኋት፣ በቀጥታ። ራስሽን ያምሻል ወይ አልኳት። ከትናንት ወዲያ ሌሊት ጀምሮ ትንሽ አለች። ትንሽ ስንት ነው አልኳት። ለምን አልነገርሽኝም? "ዳማ የምትነሳ አልመሰለኝማ፣ አባዬ" አለች። "እንዳይፈሩ ብዬ።"

ይኸው ነው። እሷ እኔ እንዳልፈራ፣ እኔ እሷ እንዳትፈራ።

ፈርቻለሁ። ይጻፍ። ይመር ፈርቷል፣ ስለፈራም ልጁን ዛሬ ይዞ ይወርዳል። ነገ ጠዋት የሚነሳ ነገር አልጠብቅም። በቃሽ አሁን፣ ብዕሩን ተይ። ጋቢውን ደርቢ፣ ከፊት ነው የምትቀመጪው፣ እኔ አጠገብ። ብዕሩን ልነጥቅሽ ነው፤ ተነሺ፣ ሞተሩ ሳይቀዘ—